ከወንዙ በታች ያለው ጎረቤት



በሀገራችን ስለ ተራራና ስለ ገደል ውበት ወሬ በተነሣ ቁጥር አፋችን ቀድሞ የሚጠራው ሩቅ ሩቁን ነው። የዓባይ በረሃ ይጠራል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ መንገደኛ፣ አውቶቡሱ በቁልቁለቱ ሲጠማዘዝ በመስኮት ወደ ታች ተመልክቶ «ሱብሓነላህ!» ያለበትን ሰዓት አይረሳውም። በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻና ዋሻውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ ይጠራል። የሰሜን ተራሮች ይጠራሉ። በቦሌ፣ በየካ ወይም በኮተቤ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ከቤቱ ጓሮ ስላለው የወንዝ ሸለቆ ቢጠየቅ መልሱ በአብዛኛው አጭር ነው፤ «ይሸታል» ይላል።

ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን ይህ አጭር መልስ ከባድ ጥያቄ አዝሏል። ያ ሸለቆ ሲፈጠር የሚሸት ሆኖ አልተፈጠረም፤ እንዲሸት ያደረገው ሰው ነው። ያጠራቀምንበት ቆሻሻም እኛው ዘንድ አይቀርም፤ ውኃው ይዞት ይወርዳል። ታዲያ በዓይናችን አይተናቸው፣ በስማቸው ጠርተናቸው የማናውቃቸውን ሰዎች በዚህ መንገድ ብንበድል፣ አፉታውን የምንጠይቀው ከማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ከአንባቢ ጋር ልናሰላስለው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። ለመልሱም ከሸለቆው ከራሱ እንጀምር።

ሸለቆው

አዲስ አበባ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። በሰሜን በኩል የሚከልላት የእንጦጦ ጋራ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈበት መሬት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ግድም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ በጋራው ራስ ላይ የዘነበ ውኃ በዚህች አጭር መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለበት ማለት ነው። እንዲህ የሚቸኩል ውኃ በዝግታ አይሄድም፤ አፈሩን ይቆርጣል፣ ዐለቱን ይፈለፍላል። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች፣ ከየካና ከኮተቤ ጋራዎች የሚወርዱትም ጅረቶች ሸለቆአቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ጋራው ራሱ የእሳት ሥራ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ዐለት ቀዝቅዞና ጠጥሮ የቆመ ነው፤ የከተማችን ሰው የቤቱን መሠረት የሚያወጣበት ጥቁር ድንጋይም እንዲሁ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። ዶማ የሚመልሰውን ይህን ዐለት ለስላሳው ውኃ ክረምት ከክረምት እየተመላለሰበት ሰንጥቆታል። በአንዳንዱ ቦታ ቀጥ ያለ ግድግዳ አቁሟል፤ በሌላው ቦታ ድንጋዩን እንደ እንቁላል አልሞ አንከባሎታል።

ይህ ውበት የተላገ ውበት አይደለም፤ ሻካራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከድልድይ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከደፈረሰው ውኃ ሥር ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ሲያጉረመርም ይሰማል። መስከረም ሲጠባ በገደሉ አፋፍ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ሥሩን የሰደደ ግራዋና ክትክታ፣ እዚህም እዚያም ከጥንቱ ደን የቀረ ወይራ ይታያል። ቀን ጭላት ያንዣብብበታል፤ ሌሊት ከየጉድባው የወጣ ጅብ ይጮኽበታል። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ መካከል፣ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ፣ እንዲህ ያለ በረሃ መኖሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

የእንጦጦ ራስ ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለው። ጋራው የውኃ መለያ ነው። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ውኃ በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛ ያዘነበለው ግን በከተማዋ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በአንድ ጋራ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንደኛዋ ወደ ባሕር፣ ሌላዋ ወደ በረሃ ይለያያሉ። የእኛ ዕጣ ሁለተኛዋ ናት። በእርሷ ላይ የጣልነውን ነገር ባሕር ወስዶ አይሰውርልንም፤ የሚቀበለው የገዛ ወገናችን ነው።

በሱረቱል ጋሺያህ ሰዎች ወደ ግመል፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ተራሮችና ወደ ምድር ተመልክተው እንዲያስተነትኑ ጥሪ ቀርቧል። የተጠቀሱትን ነገሮች ልብ ብለን ካየናቸው ሁሉም የቅርብ ናቸው። ለበረሃ ተጓዡ ግመሉ የተቀመጠበት ነው፤ ሰማዩ ከራሱ በላይ፣ ተራራው ከፊቱ፣ ምድሩ ከእግሩ በታች ነው። የአላህን (ሱ.ወ.) ሥራ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ ግዴታ አልሆነበትም። ለእኛም እንዲሁ ነው። በአቅራቢያችን ያለውን ሸለቆ ያየ ሰው ግን ዓይኑን በግድግዳው ላይ ብቻ ማሳረፍ አይችልም። ወንዝ ነውና «ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጎረቤት እስከ የት ነው?

በዲናችን የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባብያን ታውቃላችሁ። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስከማሰብ መድረሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማዎች «ጎረቤት የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?» በሚለው ላይ ተነጋግረዋል። ከፊሎቹ በየአቅጣጫው እስከ አርባ ቤት ብለዋል፤ ከፊሎቹ የአካባቢው ልማድ ጎረቤት ያለው ሁሉ ነው ብለዋል። በእኛም ባህል ጎረቤት ማለት አጥር የሚጋራ፣ ቡና የሚጠራራ፣ ሐዘንና ደስታ የሚካፈል ነው። እነዚህ ሁሉ መለኪያዎች ሰውን በቤቱ የሚቆጥሩ ናቸው። ወንዝ ግን ሌላ አቆጣጠር አለው።

እስቲ ውኃውን እንከተለው። ከእንጦጦ የተነሣው ቀበና ወደ ደቡብ ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ ከተማዋን አልፈው ሁለቱም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲባል የተገደበ ነው፤ ማመንጫው ለዐሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ እንደገና ተነሥቷል። ከአባ ሳሙኤል በታች ወንዙ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀውን የቆቃ ግድብ ይሞላል። አዳማ የምትጠጣውን ውኃ የምትቀዳው ከአዋሽ ነው። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ የሚጠጣው አዋሽን ነው። ከዚያም በረሃውን አቋርጦ አሳይታ ይደርሳል፤ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን የሚያጠጣበት ያው ወንዝ ነው። በቤት አቆጣጠር ቦሌና አሳይታ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በውኃ አቆጣጠር ግን በአንድ ቧንቧ ላይ የተቀመጡ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ደግሞ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጠጣው ውኃ ከፍተኛው ክፍል ለብዙ ዓመታት የመጣው ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1970፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም የሚገኙት ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በዚያው በትልቁ አቃቂ የላይኛው ተፋሰስ ውስጥ ነው። ይህ ማለት እኛ ራሳችን ለሰንዳፋ አካባቢ ገበሬ «ከወንዝ በታች ያለ ጎረቤት» ነን። ያ ገበሬ ፍሳሹንና ቆሻሻውን ወደ ግድባችን ቢለቅ ዝም አንልም፤ እንጮኻለን፣ እንከሳለን፣ መጮኻችንም ትክክል ነው። ከአንድ ወንዝ ራሱ ላይ ንጹሑን ቀድተን እየጠጣን በግርጌው ቆሻሻችንን የምንለቅበት ከሆነ ግን፣ ለራሳችን የምንወደውን ለወንድማችን መውደዳችን ምኑ ላይ ነው?

ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ ተመልሶ ይመጣል። በአቃቂ ወንዞች ዳር ለረጅም ዘመን አትክልት ሲለማ ኖሯል። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ጎመኑ የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው። በእነዚህ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከውኃውና ከአፈሩ የሳቡት ከባድ ብረት በተለይ በቅጠላቸው ውስጥ እንደሚገኝ አሳይተዋል። አትክልቱ በጠዋት ተጭኖ ገበያ ይገባል፤ ከገበያው በዘንቢል ሆኖ እኛው ቤት ይደርሳል። ገበሬውን ብንረሳው እንኳ የሰደድነው ነገር በልጆቻችን ሰሐን ላይ ያስታውሰናል።

አፉታ ከማን?

ሙስሊም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልዩነት አለ። በባሪያውና በአላህ (ሱ.ወ.) መካከል ያለ ጥፋት በተውበት፣ በእዝነቱ ይታበሳል ተብሎ ይከጀላል። የሰው ሐቅ ግን የባለቤቱ ነው፤ ተበዳዩ ካልተመለሰለት ወይም አፉ ካላለ ዕዳው ይቆያል። ለዚህም ነው በሀገራችን ለሐጅ የሚነሣ ሰው ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ፣ «አፉ በሉኝ፤ አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» እያለ የሚሰናበተው። ይህ እጅግ የሚያምር ልማድ ነው። ልብን ያጠራል፣ ሰፈርን ያስታርቃል።

ይሁንና ሐጂው የሚዞረው የሚያውቃቸውን ደጆች ነው። የአጥር ጎረቤቱን፣ የእድር ጓደኛውን፣ ነጋዴ ባልንጀራውን ያዳርሳል። ከግቢው የወጣው ፍሳሽ ማሳውን ያበላሸበትን የአቃቂ አትክልተኛ ደጅ የሚያንኳኳ ግን አይገኝም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ደጁን ስለማያውቀው ነው። አትክልተኛውም ቢሆን ልጁ በታመመበት ሌሊት ያንን ሕመም ማን እንደላከበት ለይቶ አያውቅም። በዳይ ተበዳዩን አያውቅም፣ ተበዳይም በዳዩን አያውቅም። ዕዳ ግን ባለዕዳውና ባለሐቁ ስላልተዋወቁ አይሰረዝም። የማይተዋወቁትን የሚያስተዋውቅ ቀን እንዳለ የምናምን ሰዎች ነን።

እንግዲህ ከተራራ የሚወርድ ወንዝ የሚያስተምረን ትምህርት እዚህ ላይ ነው። አፉታው ሊጠየቅ በማይችል በደል ላይ ያለን አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ አለመበደል ነው። ለምናውቀው ጎረቤት ብንሳሳት ነገ ደጁ ሄደን እንክሳለን። ለማናውቀው ጎረቤት ግን መጠንቀቁ ራሱ ካሣችን ነው። ስለዚህ የማናየው ሰው ከምናየው ሰው ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃዋል ብለን የምናስብ ከሆነ ነገሩን ገልብጠነዋል። እንዲያውም የበለጠ ጥንቃቄ የሚገባው እርሱ ነው።

«እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ?»

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «ፋብሪካው በቱቦ ሙሉ እየለቀቀ፣ የእኔ አንድ ባልዲ ምን ይጨምራል? ሁሉም ቤት ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ የት ልድፋው?» የሚል ሰው አለ። በወንዙ አፋፍ ላይ በቆርቆሮና በላስቲክ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ መጸዳጃ ቤት ሳይኖረው ልጆች የሚያሳድግም አለ። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ግፍ ይሆናል።

ኃላፊነት በአቅም ልክ ነው። መጸዳጃ የሌለው ደሃ አማራጭ ስላጣ የሚጠየቀው እንደ አቅሙ ነው፤ እንዲያውም እርሱን ከዚያ ችግር ማውጣት በእኛ ላይ ያለ ሐቅ ነው። ገንዘብ እያለው የፎቁን የፍሳሽ ቱቦ በስውር ወደ ሸለቆው ያዞረ፣ ወይም ክረምት እስኪገባ ጠብቆ ጎርፉን ተገን በማድረግ ጉድጓዱን ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው ግን ምክንያት የለውም። የፋብሪካ ባለቤትም እንዲሁ ነው። የሀገሪቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ሕጉ አልነበረም ማለት አይቻልም። የሌላው ሰው ጥፋት መብዛትም የእኛን አያሳንሰውም። ሶላት የማይሰግድ ጎረቤት መኖሩ የእኛን ሶላት እንደማይጥለው ሁሉ፣ የፋብሪካው ቱቦ የእኛን ባልዲ ሐላል አያደርገውም።

በየቤታችን ያለውን ከተመለከትን ደግሞ ማድረግ የምንችለው ከምናስበው በላይ ነው። የተጠበሰበት ዘይት፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ያለቀ ባትሪ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ወደ ቦይ ባይጣል ማን ይጎዳል? የዐረፋ ዕለት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለአላህ ብለን ያረድነው ኡዱሒያ ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለሚስኪን ይከፋፈላል፤ አልሐምዱሊላህ። ደሙና ፈርሱ ግን በማዳበሪያ ታስሮ ገደል ከተወረወረ፣ ሥጋው ለቅርቡ ጎረቤት፣ ግማቱ ለሩቁ ጎረቤት ደረሰ ማለት ነው። ጉድጓድ ምሶ መቅበር፣ ወይም ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ወጣቶች ለይቶ መስጠት የዒባዳው ማሳረጊያ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ሦስቱ ምልክቶች

ልጆቻችን በመድረሳ የሚማሩት አንድ ቀላል መስፈርት አለ። ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውኃ ጡሃራ አያስገኝም፤ ውዱእ አይደረግበትም። በዚህ ላይ ዑለማዎች አልተለያዩም። ከሦስቱ አንዱ ቢለወጥ እንኳ ይበቃል። በበጋ ወራት የከተማችንን ወንዞች በዚህ መስፈርት የመዘነ ልጅ ጣዕሙን መቅመስ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ምልክቶች ከድልድዩ ላይ ሆኖ ይታወቁታል። ከጋራው ሲነሣ ጠሁር የነበረ፣ ለውዱእ የሚበቃ ውኃ፣ በእኛ ሰፈር ካለፈ በኋላ ለውዱእ የማይበቃ ከሆነ፣ በመካከል ላይ ያለነው እኛ ምን ሆነን ነው? ይህን ጥያቄ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ቢጠይቁት ትልቅ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ፉቀሃዎች «ሐሪም» የሚሉት ነገርም አለ። የውኃ ጉድጓድ፣ ምንጭ ወይም ወንዝ በዙሪያው የሚጠበቅለት መሬት አለው፤ በዚያ ላይ ሌላው እየገነባም ሆነ እየቆፈረ ውኃውን ሊጎዳ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1876 የተጠናቀቀው የዑስማንያ መንግሥት የሕግ መድብል፣ መጀለህ፣ ለዚህ ጉዳይ የራሱን አንቀጾች መድቦለታል። የዛሬ ባለሙያዎች የወንዝ ዳርቻ መከለያ የሚሉትን ሐሳብ የቀደሙት ፈቂሆች የሐቅ ጉዳይ አድርገው ሲነጋገሩበት ኖረዋል ማለት ነው።

በእኛም ከተማ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የወንዝ ዳርቻ ልማት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ተደርጓል፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የከተማው አስተዳደር የወንዞችን ብክለት የሚመለከት ደንብ አውጥቷል። ዳርቻው መጽዳቱ፣ ሣርና አበባ መተከሉ መልካም ነው። ነገር ግን የዳርቻው ውበት ለሚንሸራሸረው ለእኛ ነው፤ የውኃው ንጽሕና ደግሞ በታች ላለው ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው ተሠርቶ ሁለተኛው ቢቀር፣ ደጃችንን አሳምረን ቆሻሻውን ወደ ሰው ደጅ ጠርገናል ማለት ይሆናል። ከዚያ አፋፍ የተነሡ ደሃ ቤተሰቦችም የደረሱበትን መጠየቅ የጎረቤት ሐቅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በመጪው የእረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሸለቆ አፋፍ ውጡ። ጥቁሩን ዐለት፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ የሚንከባለለውን ድንጋይ አሳዩአቸው። ከዚያ ውኃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ በጣታችሁ እያመለከታችሁ አቃቂን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አሳይታን በስም ጥሩላቸው። በዚያ አቅጣጫ የሚኖሩትን አንድ በአንድ አናውቃቸውም፤ ጎረቤቶቻችን መሆናቸውን ግን ልጆቻችን ይወቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የምናውቀውንም የማናውቀውንም ጎረቤት ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።